ምዕራፍ ሰባት፦ አሮጌ ፒያኖና የክፍሉ አየር

ፒያኖ ባይነካም ይለወጣል። ክዳኑ ተዘግቶ ስድስት ወር የቆየ መሣሪያ ሲከፈት ቅኝቱ ፈርሶ ይገኛል፤ አንዱ ቁልፍ ከተጫነ አይመለስም፣ ሌላው ሲነካ ይንቀጫቀጫል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው ያመካኛል። ዕድሜ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ፒያኖው የቆመበት ክፍል አየር በእነዚያ ስድስት ወራት አንዴ ረጥቧል፣ አንዴ ደርቋል። አሮጌ ፒያኖን የሚጠግን ሰው መፍቻና ካቻቪቴ ከማንሣቱ በፊት እንጨት ከአየር ውስጥ እርጥበት እንዴት እንደሚጠጣና መልሶ እንዴት እንደሚተፋ ማወቅ አለበት። የተሰነጠቀው ሰሌዳ፣ የላላው ፒን፣ የሚጣበቀው ቁልፍ የተለያዩ ሕመሞች ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው።

በሐምሌ የሚነክሰው በር

በክረምት የእንጨት በር ከመቃኑ ጋር ይነካከሳል። በሐምሌ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋው በር በጥር ያለ ችግር ይዘጋል፤ እንዲያውም በዳር በኩል ብርሃን ያሳያል። በሐምሌ የተጠራ አናጢ በሩን ልጎ ቢያሳንሰው ለጊዜው ይመሰገናል፤ በጋ ሲመጣ ግን ክፍተቱ ያፈጣል። የላገው እንጨት አይመለስም። ፒያኖ ጥገና ላይ የሚፈጸሙ ብዙዎቹ ጥፋቶች የዚህ አናጢ ጥፋት ናቸው፤ ወቅት ያመጣውንና በወቅት የሚሄደውን ለውጥ እንደ ቋሚ ብልሽት ቆጥሮ መቁረጥ፣ መላግ፣ ማጥበቅ።

እንጨት የሚያብጠው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ ከቃጫው አግድም ግን በግልጽ ይሰፋል፣ ይጠባል። የድምፅ ሰሌዳ የሚሠራበት ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘመድ ለምሳሌ ያህል ሊታይ ይችላል። ምንም ነገር ያልያዘው፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ የስፕሩስ ገበታ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ ወደ 70 በመቶ ከፍ ቢልና እዚያው ቢቆይ ወርዱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። እዚህ ላይ በመቶ የሚነገረው አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው ነው፤ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከመው ከሚችለው ውሃ ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ የሚያሳይ ልክ። አንድ ሴንቲ ሜትር ለበር ብዙ ነው። የክፍሎቹ ስምምነት በሚሊ ሜትር ሽርፍራፊ ለሚለካው ፒያኖ ደግሞ እጅግ ብዙ ነው።

ብረቱ የሚስበው ክብደት

በፒያኖ ውስጥ እንጨቱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ያን ያህል ባላስጨነቀ። ከእንጨቱ ጋር የሚታገለው ብረት ነው። ዘመናዊ ፒያኖ 88 ቁልፎች ሲኖሩት አውታሮቹ ግን 230 ያህል ይደርሳሉ፤ ከመካከል ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት አውታር ስለሚደረግ ነው። እያንዳንዱ አውታር ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚሆን ኃይል ተወጥሯል። ሁሉም ሲደመር 18 ቶን ገደማ ይሆናል። ይህ ኃይል ማንም ሳይጫወት፣ ሌሊትም ቀንም፣ መሣሪያው ከፋብሪካ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ይስባል።

ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ በፍሎረንስ ከተማ በ1700 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግድም የመጀመሪያውን ፒያኖ ሲሠራ አውታሮቹ ቀጫጭን፣ ውጥረቱም ከዛሬው በብዙ ያነሰ ነበር፤ የእንጨት አካል ብቻውን ተሸክሞታል። እስከ ዛሬ ከቆዩት ሦስት ፒያኖዎቹ ትልቁን ዕድሜ የያዘው የ1720ው ሲሆን በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ድምፁ ይጉላ ሲባል አውታሩ ወፈረ፣ ውጥረቱ ጨመረ፣ እንጨቱም መጣመም ጀመረ። በ1825 አልፊየስ ባብኮክ የተባለ የቦስተን ሠሪ በአንድ ወጥ የፈሰሰ የብረት ፍሬም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ጫና የሚሸከመው ብረቱ ነው።

ይሁን እንጂ ብረቱ ሁሉንም አልተሸከመም። አውታሮቹ የታሰሩባቸው ፒኖች አሁንም የተተከሉት በእንጨት ውስጥ ነው። ንዝረታቸውን የሚቀበለውም እንጨት ነው። በምዕራፍ ሦስት እንደታየው አውታሩ በበገና ብርኩማ በሚባለው ክፍል ዓይነት ድልድይ ላይ አልፎ ንዝረቱን ለድምፅ ሰሌዳው ያቀብላል። ሰሌዳው ጥቂት ወደ አውታሮቹ የጎበጠ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ጉብጠቱ ከፍ ይላል፤ ብርኩማውን ይገፋል፣ ብርኩማው አውታሮቹን ይወጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ሲደርቅ ጉብጠቱ ይወርዳል፣ አውታሩ ይረግባል፣ ድምፁ ይወፍራል። ብረቱ እርጥበት አይጠጣም፤ ቅኝቱን ያፈረሰው ከሥሩ የተንቀሳቀሰው እንጨት ነው። ለውጡም በሁሉም ቁልፎች እኩል አይሆንም። ከወፍራሞቹ የባስ አውታሮች ቀጥሎ ባለው የመካከለኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ በጣም ጎልቶ ይሰማል፤ በቀጭኖቹ ድምፆች ላይ ያንሳል። ስለዚህ ወቅት ሲለወጥ ፒያኖው ሁሉም በአንድነት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እርስ በርሱ ተስማምቶ አይቆይም፤ ክፍሎቹ ይለያያሉ።

ስንጥቁ በበጋ ይታያል፣ ምክንያቱ በክረምት ይመጣል

ባለቤቶችን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው የድምፅ ሰሌዳ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁን ለመረዳት ሰሌዳው ከበሩ የሚለይበትን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በሩ ዳሩ ነጻ ነው። ሰሌዳው ግን ውፍረቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ስስ ገበታ ሆኖ ዙሪያውን ከፒያኖው አካል ጋር በኮላ ተጣብቋል፤ ከጀርባውም ቃጫውን አቋርጠው የሚሄዱ የእንጨት ዘንጎች እንደ ጎድን አጥንት ተሰልፈው ይዘውታል። በእርጥቡ ወቅት ሊሰፋ ይፈልጋል፤ መንገድ የለውም። ጥቂቱ በመጉበጥ ይወጣለታል። የቀረው ግፊት ወደ ራሱ ተመልሶ የእንጨቱን ቃጫዎች እርስ በርስ ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀ ቃጫ ደግሞ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም።

ደረቁ ወቅት ሲመጣ ሰሌዳው መጥበብ ይጀምራል፤ አሁን ግን የሚጠበው ከተጨፈለቀው መጠኑ ተነሥቶ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያውም ያነሰ ሊሆን ይፈልጋል። ዳሮቹ አይለቁትም። ከሁለት አንዱ መሸነፍ አለበትና እንጨቱ በቃጫው አቅጣጫ ይተረተራል። ለዓመታት ሳይታይ የተጠራቀመው የክረምት ጉዳት በአንድ ደረቅ ወር ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ «ደረቀና ተሰነጠቀ» ይላል፤ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የተናገረው።

ስንጥቅ ብቻውን ፒያኖን አይገድልም። የተሰነጠቀ ሰሌዳ ይዘው ጥሩ ድምፅ የሚሰጡ የመቶ ዓመት ፒያኖዎች ብዙ ናቸው። የሚያሳስበው ሰሌዳው ከጀርባ ዘንጎቹ ሲላቀቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ እንጨቶች በንዝረት እየተፋተጉ ይጮኻሉ። ጠጋኙ አንድ ሰው ቁልፉን እንዲመታ አድርጎ ራሱ በፒያኖው ጀርባ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ይጫናል። ጩኸቱ የቆመበት ቦታ የተላቀቀው ነው። ኮላ በስስ ቢላ ወደ ክፍተቱ ይገባል፣ ኮላው እስኪይዝም በቪቴ ይጠበቃል። ስንጥቁ ራሱ እንዲሞላ ከተፈለገ ጊዜው ደረቁ ወቅት ነው፤ ስንጥቁ በሰፊው ሲከፈት ልኩ ይታወቃል፣ ከስፕሩስ የተቀረጸ ቀጭን ሽብልቅ ይገባበታል። በክረምት የታየ ፒያኖ ስንጥቆቹ ተገጥመው ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ፒኑን የያዘው እንጨት

የፒያኖ ዕጣ የሚወሰነው ብዙዎች በሚመለከቱት ሰሌዳ ሳይሆን በማይታየው የፒን ግንድ ነው። በገና ላይ አውታሩን የሚያጠብቀው መቃኛ በቀምበሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚቆመው በመጋፋት ብቻ እንደሆነ ሁሉ የፒያኖ ፒንም እንዲሁ ነው። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ፒን ከእሱ ጥቂት በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ይገባል። ኮላ የለውም። ከ70 እስከ 90 ኪሎ የሚስበውን አውታር የሚይዝለት የእንጨቱ እቅፍ ነው። ስለዚህ ግንዱ ሜፕል ወይም ቢች ከተባሉ ጠንካራ እንጨቶች ይሠራል፤ በብዙ ፒያኖዎች ሳንቃዎቹ እንደ ኮምፔንሳቶ ቃጫቸው እየተሻገረ ተደራርበው ተጣብቀዋል።

ዓመት በዓመት ያ እንጨት በእርጥበት ፒኑን ይጨምቃል፣ በድርቀት ያላላል። የተጨመቀው ቃጫ እንደ ሰሌዳው ሁሉ አይመለስም፤ ቀዳዳው በጥቂት በጥቂቱ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ፒኑ በመፍቻ ሲዞር ምንም አይቃወምም፤ የተቃኘው ድምፅ ቃኚው ዞር ሳይል ይወርዳል።

መድኃኒቱ ደረጃ አለው። ጥቂት ፒኖች ብቻ ከላሉ ትንሽ ወፈር ባሉ ፒኖች ይተካሉ። ብዙዎቹ ከላሉ በገበያ ሱፐር ግሉ የሚባለው ማጣበቂያ እንደ ውሃ የቀጠነው ዓይነት በፒኑ ሥር ጠብ ይደረጋል፤ ወደ ቀዳዳው ሰርጎ ሲደርቅ እንጨቱን ያጠነክራል፣ ፒኑ ግን አሁንም ይዞራል። ነባር ባለሙያዎች ይህን አይወዱትም። ሙሉ እድሳት ለሚገባው ውድ መሣሪያ አለመውደዳቸው ትክክል ነው፤ አማራጩ መጣል ለሆነ የቤት ፒያኖ ግን ተገቢ ሥራ ነው፣ ብዙ ፒያኖ ለተጨማሪ ዓመታት አኑሯል። ግንዱ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ንብርብሮቹ ከተላቀቁ አዲስ ግንድ ማስገባት የግድ ይላል። አውታሮቹን ሁሉ አውርዶ መልሶ መስቀልን ስለሚጠይቅ ዋጋው ከአብዛኛው አሮጌ ፒያኖ ዋጋ ይበልጣል።

የወረደ ቅኝትን ማንሣት

ለዓመታት ያልተቃኘ ፒያኖ ቀስ በቀስ ይወርዳል። አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንድ ነጭ ቁልፍ እስከ አጎራባቹ ጥቁር ቁልፍ ያለውን ርቀት ያህል፣ የወረደ ፒያኖ ውጥረቱ በ11 በመቶ ገደማ ጎድሏል። ከ18 ቶን 11 በመቶው ወደ 2 ቶን ይጠጋል። «ቃኝልኝ» የተባለው ባለሙያ የተጠየቀው እንግዲህ በአሮጌ እንጨትና በዛገ ብረት ላይ ሁለት ቶን ጫና እንዲጨምር ነው።

ሥራውን የሚያከብደው ደግሞ እያንዳንዱ አውታር ሲወጠር ሰሌዳውን ወደ ታች መጫኑ ነው። ሰሌዳው ዝቅ ባለ ቁጥር ቀድመው የተቃኙት ይረግባሉ። ሃምሳኛው አውታር ሲደርስ የመጀመሪያው ወርዷል። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያው ዙር ትክክለኛውን ድምፅ አይፈልግም፤ ከጎደለው በሩብ ያህል አሳልፎ ይወጥራል፣ በኋላ ሲወርድ ልኩ አጠገብ እንዲያርፍ። ከዚያ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ዙር ይከተላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ካልመጣ የመጀመሪያው ቀን ድካም ባክኗል ማለት ይቻላል።

የዛገ አውታር የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ጋር በሚገናኝበት መታጠፊያ ላይ ነው፤ ዝገቱ እዚያ ያጣብቀዋል። ልምድ ያለው ቃኚ ከማጥበቁ በፊት ፒኑን በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ያላላል። ትክ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ ዝገቱ ለቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ይወጥራል። ይህች አንዲት እንቅስቃሴ ብዙ አውታሮችን ታድናለች።

ሁሉም አሮጌ ፒያኖ ዛሬ ወደ ተለመደው ልክ መድረስ አለበት ማለት ግን አይደለም። ለንደን ላይ በ1939 የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላ የተባለውን መካከለኛ ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ወሰነ፤ ከዚያ በፊት ፈረንሳይ በ1859 ያጸደቀችው 435 በብዙ አገሮች ይሠራበት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሙሉ የብረት ፍሬም ለሌለው ወይም አውታሩ ክፉኛ ለዛገ መሣሪያ እርስ በርሱ ተስማምቶ ዝቅ ብሎ መቆየት ክብሩን አይቀንሰውም። ከሌላ መሣሪያ ጋር ካልተጫወተ ማንም አይከፋም።

የሚጣበቅ ቁልፍ

በምዕራፍ አራት የተገለጸው የመዶሻው ሥርዓት ከሰሌዳው ይልቅ በብዛት ያስቸግራል፤ ግን ደግሞ ለመጠገን ቀላሉ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ በሁለት የብረት ፒኖች ላይ ተሰክቶ ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ፌልት በተባለው የተጠቀጠቀ ሱፍ ተለብጠዋል፤ ብረት ከእንጨት ጋር እንዳይንኳኳ ነው። ክረምት ሲገባ ሱፉም እንጨቱም ያብጡና ፒኑን ያንቃሉ። ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል።

ምርመራው ቀላል ነው። ቁልፉ ከፍ ተደርጎ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት፤ በጣት ወደ ግራና ቀኝ ሲገፋም ስሜት የምትሰጥ ጥቂት ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተቱ ከጠፋ ሱፉ ለዚሁ በተሠራ ጉጠት በቀስታ ይጨመቃል። አይቆረጥም፣ እንጨቱም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፤ በጋ ሲመጣ ያ ቁልፍ ይንቀጫቀጫልና።

ቁልፉ ተመልሶ መዶሻው ግን ተንጠልጥሎ ከቀረ ችግሩ ከፍ ብሎ ነው። መዶሻው የሚዞርበት ማጠፊያ ከመርፌ ብዙም ያልወፈረ፣ በሱፍ ጨርቅ የታቀፈ ፒን አለው። ባለሙያዎች በዚህ ላይ ጥቂት ውሃ የተቀላቀለበት አልኮል ጠብ ያደርጋሉ። ጨርቁ ረጥቦ ያብጣል፤ ፒኑ ስለማያሰፋው ወደ ራሱ ይጨመቃል፣ ሲደርቅም ጠቦ ይቀራል። የድምፅ ሰሌዳውን ያጠፋው ሕግ እዚህ ለመድኃኒት ይውላል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ እንጨቱ ስለሚጠብ ማጠፊያዎቹን የያዙት ቪቴዎች ይላላሉ፣ መዶሻዎቹም ይወዛወዛሉ። ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ ካጠበቁት ግን በቀጣዩ ክረምት የሚያብጠው እንጨት በቪቴው ሥር ይጨፈለቃል።

ብልና አይጥም የድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የመዶሻው ራስ ንጹሕ ሱፍ ስለሆነ ብል ይወደዋል። አውታሩ የቦረቦረው የመዶሻ ራስ ሱፍ እስካለው ድረስ በጥንቃቄ ተፍቆ ቅርጹ ይመለሳል።

ሁለት የማይመለሱ ጥፋቶች

አንደኛው ዘይት ነው። የሚንሲያጠጥ ነገር ሲሰማ የበር ማጠፊያ ዘይት ወይም የዝገት ማላቀቂያ መርጨት ይቀናል። ዘይት ሱፍ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ አቧራ ሰብስቦ ያጣብቃል። ወደ ፒኖቹ ከደረሰ ደግሞ እንጨቱ ፒኑን የሚይዝበትን መጋፋት ያጠፋል፤ ግንዱ ሞተ ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮላ ነው። አሮጌ ፒያኖዎች የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ በሚሠራ ኮላ ነው። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ እንደ ድክመት ቢታይም ለጥገና ትልቅ በጎነት ነው፣ ክፍሉ ሳይሰበር ተፈትቶ መልሶ ይጣበቃል። ነጩ የአናጢ ኮላ የተቀባበት መገጣጠሚያ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይፈታም፤ ቀጣዩ ጠጋኝ እንጨቱን መስበር ይኖርበታል። ተፈትቶ ሊታደስ የሚገባው ክፍል ሁሉ በሚለቅ ኮላ መጣበቅ አለበት።

ከፒያኖው በፊት ክፍሉ

ለፒያኖ የሚስማማው እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመዋዠቁ ይጠቅመዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ ሆና ከሰኔ እስከ መስከረም የረጠበ፣ ከጥቅምት ጀምሮ የደረቀ አየር አላት። በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ሞቃቱንና እርጥቡን የወደብ አየር ጠጥቶ ወደ ደጋ የወጣ ፒያኖ ወዲያው መቃኘት የለበትም፤ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ክፍሉን ይልመድ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ደረቁ ጊዜ ማሞቂያ የሚነድበት የበረዶ ወር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ማቀዝቀዣው አንዴ እየበራ አንዴ እየጠፋ አየሩን ያዋዥቀዋል፤ በአንድ ልክ ሲሠራ መተው ይሻላል።

ፒያኖው ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት፣ ከማሞቂያና ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ይራቅ። በላዩ የአበባ ማስቀመጫ አይቀመጥ። ውስጡ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ማኖር የቆየ ልማድ ነው፤ ትነቱን የሚቆጣጠር ነገር ስለሌለና አንድ ቀን ስለሚደፋ ባይደረግ ይመረጣል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ መስቀል ከብዙ ጥገና ያድናል። ቅኝቱ በዓመት ሁለቴ፣ ወቅቱ ከተለወጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሐምሌ መጨረሻና ኅዳር ይስማማሉ። በሰኔ ማለቂያ የተቃኘ ፒያኖ ዝናቡ ወዲያው ያፈርሰዋል።

አሮጌ ፒያኖ ለመግዛት

አሮጌ ፒያኖ ሊገዛ የተነሣ ሰው የሳጥኑ መወልወልና በወርቅ ቀለም የተጻፈው የሠሪው ስም አያታልለው። ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የመቃኛ መፍቻ ያለው ባለሙያ ወስዶ ከወፍራሙም፣ ከመካከሉም፣ ከቀጭኑም ድምፅ ፒኖችን ያስፈትሽ፤ ቢቻል በጥር ወይም በየካቲት፣ እንጨቱ በላላበት ወቅት። በክረምት የጠበቀ ፒን በበጋ ሊለቅ ይችላል፤ በበጋ የጠበቀ ግን በክረምትም ይጠብቃል። ፒኖቹ ከያዙ ቁልፉ፣ መዶሻው፣ ስንጥቁም ጭምር በጊዜና በትዕግሥት ይስተካከላሉ። ግንዱ ካልያዘና ለአዲስ ግንድ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ፒያኖው በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።